ልሙጥና የማይደርቀው በር

በር ላላችሁም ለሌላችሁም፣ ከፍታችሁ ለምትገቡም ተዘግቶባችሁ ለቆማችሁም፣ በያላችሁበት ጸጥ ብላችሁ ይህን ቃል አድምጡ! በዘመናችን፣ በዓይናችን ፊት፣ በአንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ታላቅ ሰው ተነሥቷል። አገር አላቀናም። ሕግ አልጻፈም። ወንዝ አልገደበም። በር አለስልሷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው የተቀባ በር ሲነካ እጁን ታጥቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዚህንም ሰው ስም በክብር ጠርቶ ይንካ ተብሎ ታውጇል። ስሙ ልሙጥ ይባላል።

እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም የምታነሣው ስትናደድ ብቻ ነው። ልሙጥ ያሉት ሌሎች ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ሊቀልዱበት ፈልገው ነበር። እሱ ግን ስድቡን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ለጥፎት ዞረ። አጭር ሰው ነው። ቅንድቡ ላይ የሦስት ቤት ቀለም አለ። የሥራ ሱሪው በቀለም ብዛት ከመድረቁ የተነሣ ሲያወልቀው ግድግዳ ተደግፎ ለብቻው ይቆማል። ሚስቱ አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗን እያሸች ለሱሪው ረጅም ወሬ አውርታለታለች። የጠረጠረችው መልስ ስላልሰጣት አይደለም፤ ባሏም አይመልስላትም። ይህን ያህል ጊዜ ስለ ብርጭቆ ወረቀት ሳያወራ መቆየቱ ነው የገረማት።

ለልሙጥ ዓለም ሁለት ነገር ብቻ ናት፤ የተፋቀና ያልተፋቀ። ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ስሙን ከመስማቱ በፊት ግንባሩ ላይ ያለውን ሽብሽብ አይቶ ስንት ማንኪያ ስቱኮ እንደሚፈጅ ያሰላል። ሌላው ቀቢ በሩን እንደቆመ ይቀባዋል፤ ይህን ሲሰማ ልሙጥን ያንገሸግሸዋል። እሱ በሩን ከማጠፊያው ይፈታል፣ እጀታና ቁልፉን ያወልቃል፣ እንደ በሽተኛ ደግፎ ወስዶ በሁለት አግዳሚ ላይ ያስተኛዋል። ቀለም የሚወርደው በቆመ በር ላይ ነው፣ የተኛ በር አያለቅስም ይላል። በሳሙና ውኃ አጥቦ ስቡን ያስለቅቀዋል። የላላውን ቀለም ይፍቃል። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይፈገፍጋል፣ እንደገና ይቀባል። አምፖል በገመድ ስቦ በበሩ ጎን ያስቀምጥና ብርሃኑ አግድም ሲጋልብ የትኛዋ ጉድጓድ ጥላ እንደምትጥል ያድናል። ከሁሉም በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኝ መዳፉ ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል። «ዓይንን ማታለል ይቻላል» ይላል፤ «መዳፌን ግን እንኳን በር ሚስቴም አታታልላትም።»

እንግዲህ የዚህ ታላቅ ሰው መዳፍ ከሞተች ሰባት ወሯ ነው።

መሞቷን ያወቀችው ሚስቱ ናት። ሻይ ቀድታ ስትሰጠው ብርጭቆውን ሙሉ በሙሉ ጨብጦ ስለ አንድ ቁምሳጥን ማውራቱን ቀጠለ።

«አያቃጥልህም?»

«ምኑ?»

«ብርጭቆው ነዋ! እኔ እኮ በጨርቅ ይዤ ነው ያመጣሁት።»

መዳፉን ገልብጦ አየው። እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ምንም አይሰማውም። ያን ቀን ስለ ቁምሳጥኑ የጀመረው ወሬ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ፣ ቀለሙን ከእጅህ በምን ነው የምታስለቅቀው አለው። በአኳራጅ ነዋ፣ ቀለም በምናቀጥንበት! ስንት ዓመት? ሃያ ስድስት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «ወንድሜ፣ ቀለሙን ሳይሆን ነርቭህን ነው ስታጥብ የኖርከው» አለው። ሌላ ሥራ እንዲፈልግም መከረው። ልሙጥ ከዚያ ወዲህ ያ ሐኪም በተነሣ ቁጥር የሚያወራው ስለ ክፍሉ በር ነው። «ሦስት ቦታ ወርዶበታል! የገዛ በሩን ያላየ ሰው የኔን እጅ ያያል?»

በር ያለሰልሳል የተባለ ሰው መዳፉ እንደማይሰማ ከታወቀ ማን በር ይሰጠዋል? ደበቀው። ሰው ዞር ሲል ጎንበስ ብሎ የተቀባውን በር በጉንጩ ይዳብስ ጀመር። አንዲት ሠራተኛ አየችው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ፣ ልሙጥ በር ይስማል አለ።

«ባልሽ በር ይስማል እያሉኝ ነው» አለችው ሚስቱ።

«ይበሉ።»

«እኔን ከሳምከኝ ስንት ጊዜህ ነው?»

«አንቺማ መጀመሪያ ስቱኮ ያስፈልግሻል።»

ይህን ያለው ሊያስቃት ነው፤ ወዲያው እጁን ጉንጯ ላይ አደረገ። እሷም አቆየችለት። የነካው ጉንጭ ይሁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሁን፣ እጁ ሊነግረው አልቻለም። ሁለቱም አልሳቁም። ልሙጥ በዚህ ምድር ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ያቺ መዳፍ እንድትመለስ። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ኩራቱም ጭምር፣ ለብቻው ከሚቆመው ሱሪ የተሻለ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው እትዬ የጠሩት።

እትዬ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ቤታቸው ከመጽዳቱ የተነሣ ዝንብ እንኳ እግሯን ጠርጋ የምትገባበት ሴት ናቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ያረጁ እናት አሏቸው። እናትየዋ ቀኑን ሙሉ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ክፍል አለች፤ መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ያለች፣ ከዳቦ የማትበልጥ። ክፍሏን አንዲት አስተማሪ ልትከራያት ነው፤ የምትገባው በአሥረኛው ቀን ነው።

«ይሄን በር» አሉት እትዬ በጣታቸው ጫፍ እያሳዩ፣ ራሳቸው ግን ሳይነኩት፣ «ምንም እንዳልነበረ አድርገህ አለስልስልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የቀባሁት በር ራሱም ምን እንደነበረ አያስታውስም!»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

በሩን ሲፈታ በኮሪደሩ በኩል፣ በውጪው ገጽ ላይ፣ ከላይ አራት ከታች አራት የብሎን ቀዳዳ አየ። በመሃላቸው የሁለት ትልልቅ መቀርቀሪያዎች ዝገት ታትሟል። በውስጥ በኩል እጀታ የለም። ኖሮም አያውቅም፤ የተበሳ ነገር የለም።

«እትዬ፣ ይሄ መቀርቀሪያ በውጪ በኩል ነበር እንዴ?»

«እቃ ቤት ነበር።»

«እቃው እንዳይወጣ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቅባ ነው ያልኩህ።»

በሩን ተሸክሞ በኮሪደሩ ሲያልፍ አሮጊቷ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ከፈትክላት?»

«ለማን፣ እማማ?»

እማማ መልሰው አጎነበሱ። እትዬ ከኋላ ሆነው፣ «አእምሯቸው ደክሟል፣ አትስማቸው» አሉት። ልሙጥም ያለ ችግር አልሰማም። ብርጭቆ ወረቀት ያልተጠቀሰበት ንግግር ድሮም ጆሮው አይገባም።

በሩን በጓሮ በኩል አግዳሚ ላይ አስተኛው፣ ውጪውን ወደ ላይ፣ ውስጡን ወደ መሬት። አጠበው፣ ፋቀው፣ ስምንቱን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈነ። ከዚያ ከልማዱ የተነሣ የሞተችውን መዳፉን አኑሮ ከላይ ወደ ታች ሰደዳት። በሩ ቢቆም ደረት ትይዩ የሚሆነው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ተሰማው።

ሰባት ወር ሙሉ እሳትና ውኃ ያልለየች መዳፍ ሙቀት ተሰማት። ሙቀት ብቻ ቢሆን ፀሐይ ነው ባለ። ከእንጨቱ ወዲያ፣ ከታች በኩል፣ ሌላ መዳፍ ተለጥፎ ወደ ላይ ይገፋ ነበር። አምስት ጣት። ትንሽ እጅ፣ የሴት እጅ። ልሙጥ እጁን ሳያነሣ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ከበሩ ሥር ተመለከተ። ሁለት አግዳሚ፣ የተፋቀ ቀለም ብናኝ፣ የራሱ የስቱኮ ቆርቆሮ። ሌላ ማንም የለም። እላይ ግን ትንሿ እጅ እየገፋች ነው።

አንተ ብትሆን ትሮጥ ነበር። እኔ ብሆን ጫማዬንም አልለብስም። ልሙጥ ግን ለመጮህ የከፈተውን አፍ ወደ ፈገግታ ለወጠው። «ዳንኩ!» አለ።

ወደ ቤቱ በረረ። ሚስቱን ጓዳ ውስጥ አገኛትና ጉንጯን ያዘ። ምንም። ማንቆርቆሪያውን ያዘ። ምንም። ጎረቤት ገብቶ የማያውቀውን ሕፃን ራስ ዳበሰ፤ ሕፃኑ አለቀሰ፣ እሱ ምንም። ወደ በሩ ተመለሰ። መዳፉን ሲያኖር ያቺ እጅ ቦታዋን ሳትለቅ ትጠብቀው ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሩን ገለበጠው። በውስጠኛው ገጽ፣ ልክ በዚያው ቦታ፣ ያረጀውን ቀለም ሲፍቅ ከሥሩ ጥቁር እድፍ ወጣ። እንጨቱ ቅባት ጠጥቷል። ቅርጹ የመዳፍ ነው። አንድ እጅ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ለዓመታት ካልተለጠፈ በቀር እንጨት እንዲህ አይጠጣም። በሳሙና አጠበው፣ በአኳራጅ አሸው፣ ፈገፈገው፤ ቀባው። በማግስቱ መላው በር ደርቆ ያቺ ቦታ ብቻ እርጥብ ሆና ቆየችው። እንደ ሙያ ይህ ምሥጢር የለውም፤ የዘይት ቀለም ስብ ላይ አይደርቅም። ማንም ቀቢ ያውቀዋል። ማንም ቀቢ የማያውቀው ግን ልሙጥ ሁለት ጊዜ ፍቆ ሁለት ጊዜ ሲቀባ እርጥቡ ቅርጽ ጣቶቹን በየቀኑ ትንሽ ከፈት አድርጎ መጠበቁን ነው። በመጀመሪያው ቀን የተጣበቁት ጣቶች በስድስተኛው ቀን ተዘርግተው ነበር።

ብርጭቆ ወረቀት ሲያልቅበት ማዕዘን ላይ ካለችው ሱቅ ጎራ አለ።

«የእትዬን እቃ ቤት እየቀባህ ነው አሉ» አለው ባለሱቁ።

«እቃ ቤት ነው ብለሃል?»

ባለሱቁ ግራ ቀኝ አየ። «ታናሽ እህታቸው ነበረች። አእምሮዋን ነክቷት። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ውስጥ ነበረች። እንግዳ ፊት እንዳትወጣ ነው። ሁለት ዓመቷ ከሞተች።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ታንኳኳ ነበር እኮ። እስከዚህ ይሰማል።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«ምን ይባላል? ሬዲዮ እንከፍታለን።»

ሕዝብ ሆይ፣ ልሙጥን ብቻ አለስላሽ ያልነው ስህተት ነው፤ እርማት ይያዝልን። ያ ሰፈር እንዳለ አንድ ወጥ ቅብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጆሮ ላይ እብጠት አልተገኘም።

ልሙጥስ? ልሙጥ ወረቀቱን ይዞ እየፈጠነ ተመለሰ። ያዘነም እንደሆነ ያዘነው በመንገድ ላይ ነው። ሲደርስ እጁን በሩ ላይ አኖረና ዓይኑን ጨፈነ። የሦስት ቀን ሥራ ስምንተኛ ቀኑን ያዘ። ይፍቃል እንጂ አይቀባም፤ ይቀባል እንጂ አያደርቅም። በምድር ላይ መዳፉ የምትሰማበት ቦታ ይህቺ ብቻ ናት፣ በገዛ ብሩሹ ሊደፍናት እንዴት ይቻለው?

ለሚስቱ ነገራት። ሳቀችበት፣ ቀጥሎ ፊቱን አየችና መሳቋን ተወች።

«ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ ስጠረጥር፣ የያዝከው በር ሆኖ አረፈው!»

«እውነቴን ነው። እጄ ትሰማለች። እዚያ ብቻ።»

«እኔ ጋ ስትመጣ ምን ትሆናለች?»

መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ። እሷም፣ «ስትጨርሰው መጥቼ አየዋለሁ» አለች። «እኔም እነካዋለሁ። እሱ መልሶ ካልነካኝ ግን ውርድ ከራሴ፣ አንተንም በሩንም አብሬ ነው የምጥላችሁ።»

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ጓሮ ወጡ። እጃቸውን አጣምረው ተኝቶ ያለውን በር ሳይሆን እሱን አዩት።

«ነገ ሴትዮዋ ትገባለች። ዛሬ ካላለቀ ሌላ ቀቢ እጠራለሁ። ልሙጥ እጁ ከዳው እንዴ፣ በር ማድረቅ አቃተው ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ።»

ይህን ሲሉ ስለ መዳፉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለው ነው የወረወሩት። ልሙጥ ግን ከረጢቱን ሳበ። ለዚህ ዓይነት እድፍ መድኃኒት አለው፤ ቅባትን ከሥሩ የሚያፍን ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከረጢቱ ውስጥ ነበር። አወጣው። ግራ እጁን በአግዳሚው መሃል አሾልኮ ከሥር በኩል በሩን ደገፈ፤ በቀኙ ብሩሹን ይዞ የእጇን ቅርጽ መቀባት ጀመረ። ከአውራ ጣቷ ጀመረ። አውራ ጣቷ ስትሸፈን እንጨቱ ከውስጥ አንድ ጊዜ አንኳኳ። መሃል ጣቷ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ። ትንሿ ጣት ላይ ብሩሹ ቆመ፤ ከዚያ ቀባት። ጸጥ አለ።

ሲደርቅ በላዩ የመጨረሻውን ቀለም አሳረፈበት። ያማረ ነበር። እላዩ ላይ የሚያልፍ ደመና ይታያል። መዳፉን ቢያኖረው ምንም አልተሰማውም፤ ሙታን ሁለት ሆኑ።

አሁን የልሙጥን የርክክብ ሥርዓት እወቁልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሌላው ቀቢ እጀታውን ገጥሞ፣ ቁልፉን አስገብቶ ያስረክባል። ልሙጥ በሩን ራቁቱን ነው የሚያስረክበው፤ እጀታ ካለ የባለቤቱ መዳፍ ይሰናከላል፣ ልስላሴው ይቋረጣል። ባለቤት ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ እስከ ታች ይዳብሳል፤ አንድ ቦታ መዳፉ ከቆመ ልሙጥ በሩን እንደገና እስከ እንጨቱ ይፍቀዋል። እጀታ የሌለው በር ደግሞ ሲነኩት ስለሚወዛወዝ፣ ልሙጥ ራሱ በውስጥ በኩል ቆሞ በሁለት እጁ ወደ መቃኑ ገፍቶ ይይዘዋል።

በአሥረኛው ቀን፣ በቀትር፣ በሩን ማጠፊያው ላይ ሰቀለው። ወደ ክፍሏ ውስጥ የሚከፈት በር ነው። በውጪ በኩል ብቻ የነበረውን የድሮ የቁልፍ ቀዳዳ በእንጨት ደፍኖታል፤ አዲሱን ቀዳዳ አናጺ ከሰዓት መጥቶ ይበሳል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ሲነኩት ደርቋል፣ እንደ ልብ ግን ገና አልጠነከረም። ቀቢ የሆነ ሁሉ ገና ለጋ የሆነ ቀለም ሌላ ገጽ ላይ ከተጫነ እንደሚጣበቅ ያውቃል። ልሙጥም ያውቃል። ግን ሥራው እንዲደነቅለት ቸኩሏል።

ክፍሏ ውስጥ ገባና በሩን ገፍቶ ዘጋው። «እትዬ፣ ይጨፍኑ!»

«ጨፍኛለሁ።»

ጸጥ ያለ የመዳፍ ፍትጊያ ከላይ ጀመረ። ልሙጥ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ደግፏል፤ ቀኝ እጁ ሳያስበው ያቺው ቦታ ላይ አርፋለች። የእትዬ እጅ ወደ ታች ወረደ። ግንባር፣ አፍ፣ አንገት። ደረት ላይ ሲደርስ ልሙጥ በእንጨቱ ውስጥ ተሰማው! ቀዝቃዛ መዳፍ ነው፣ ላብ አለው፣ ቀለበት አለው። እጁ ተመልሳለች! ከደስታው ብዛት መዳፉን ወደፊት ገፋት። የእትዬ መዳፍ ቆመ።

«እትዬ!» አለና በግራ እጁ ደጋግሞ አንኳኳ። «እትዬ፣ ተሰማኝ እኮ!»

የእትዬ መዳፍ ከበሩ ላይ ተነሣ። ከዚያ እትዬ ለማንም ተናግረውበት በማያውቁት ለስላሳ ድምፅ፣ «ዝም በይ፣ እህቴ» አሉ። «ሰው አለ።»

ኮቴያቸው በኮሪደሩ ራቀ።

ልሙጥ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ቀጥሎ በሩን ሊስብ ሞከረ። በምን ይሳበው? እጀታ የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ስንጥቅ የለ። ጥፍሩን በጠርዙ ሊያስገባ ፈለገ፤ የገዛ ሥራው ነውና ወረቀትም አያስገባም፣ በዚያ ላይ ቀለሙ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ጮኸ። መታ። ያ ቤት ከዚያች ክፍል የሚወጣ ድምፅ ላለመስማት አሥራ አንድ ዓመት የሠለጠነ ቤት ነው። ሬዲዮ ተከፈተ።

ከወንበራቸው ግን እማማ ሰሙት። በሩ አጠገብ ድረስ እየተጎተቱ ሲመጡ ይሰማዋል።

«እማማ! እኔ ነኝ፣ ቀቢው! በሩን ይግፉልኝ!»

እማማ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ። ከዚያ በደስታ፣ «እሰይ» አሉ። «ዛሬስ ሁለት ሆናችሁ?»

ልሙጥ ወደ ኋላው አልዞረም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊቱን ከበሩ አላነሣም። ክፍሏ ባዶ እንደነበረች ያውቃል፤ ወለሉን ጠዋት ራሱ ነው የጠረገው። መፋቂያውን የያዘውን ከረጢት እንኳ ጓሮ ትቶታል። ቢሆንም ከትከሻው ጀርባ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ በዝግታ የሚተነፍስ ነገር ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የሚስቱ ድምፅ ኮሪደሩ ውስጥ ተሰማ።

«ሰውዬው የለም እንዴ?»

«ጨርሶ ሄደ መሰለኝ» አሉ እትዬ፣ ሬዲዮውን ዝቅ እያደረጉ። የዋሹ አይመስልም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እውነት ማድረግ ይችሉበታል። «ሥራው ግን ያምራል። ነይ፣ ንኪው።»

ልሙጥ አፉን ከፈተ። ግራ እጁን ጠቅልሎ ለማንኳኳት አነሣ። ያኔ የሚስቱ እጅ በሩ ላይ አረፈ።

ሁሉም ተሰማው። ሙቀቷ፣ የቆዳዋ ሻካራነት፣ የደም ሥሯ ምት። ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ ትንሽ ጎበጥ ያለች መሆኗን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አይቶ አያውቅም፤ አሁን እንጨት ተሻግሮ አወቀው። ሰባት ወር ማንቆርቆሪያና ጉንጭ ያምታታበት እጅ የሚስቱን እጅ ጣት በጣት ለይቶ ያዛት። እሷም ዓይኗን የጨፈነች መሰለው፤ እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«እንዴ» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። «ይሞቃል።»

ካንኳኳ ትሰማዋለች። እሷ ሬዲዮ የምትከፍት ሴት አይደለችም፤ በአንድ ትከሻ ገፍታ ትገባለች። ይወጣል፣ ጉንጯን ይነካል፣ ጉንጯም መልሶ ማንቆርቆሪያ ይሆንበታል። ከዚህ ወገን ሆኖ ግን፣ እንጨቱ በመሃላቸው እስካለ ድረስ፣ እጁ ሕያው ናት። ልሙጥ የጠቀለለውን ግራ እጁን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ከጀርባው ያለው ትንፋሽ አንገቱ ላይ ደረሰ፤ አንዲት ትንሽ እጅም በሩን በያዘው ቀኝ እጁ ላይ መጥታ ተደረበች፣ ጣቶቿን በጣቶቹ መሃል እየሰካች።

ኮሪደሩ ውስጥ እትዬ ደጁን ሊከፍቱ ሄደዋል፤ አስተማሪዋ ሻንጣዋን ይዛ ደርሳለች። እማማ አሸልበዋል። ሚስቲቱ ገና እጇን አላነሣችም፣ ልታነሣ ግን ነው። አንተም እዚያው ነህ፤ ይህን ሁሉ ስታነብ ከኋላዋ ቆመህ አልነበር? በሩ መቀርቀሪያ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ የሚፈልገው አንድ ግፊት ነው። እሱ አያንኳኳም፤ ስለዚህ ሰምተህ ዝም አልክ ብዬ አልከስህም። ሬዲዮውን ተወውና፣ እባክህ፣ የያዝከውን ነገር አስቀምጥ፣ ሴትዮዋን ሳታስደነግጥ እጅህን በትከሻዋ በላይ ዘርጋ፣ መዳፍህን ከእጇ አጠገብ አኑርና፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካንተ በኩል ትንሽ ግፋ።